ወባው ካለፈ በኋላ፦ የአእምሮ ሥራ ጉባ ላይ በምን ይመዘናል?

ጉባ ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ግድቡ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የወረዳውም ስም ከዚያ ጋር ገነነ። ከግድቡ ዙሪያ ወጣ ሲሉ ግን ጉባ ጉሙዙ፣ አገውና አማራው ማሽላ የሚዘራበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት፣ በወባም የሚታመምበት የመተከል ቆላ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ልጁና ስለ ወባው ነው።

ዐሥር ዓመት የሞላው አንድ ልጅ እናስብ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት፤ ራሱን ሳተ፤ ጤና ጣቢያ ደርሶ በአርቴሱኔት መርፌ ተረፈ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል። ክፍል ሲገባ ግን መምህሩ ሦስት ነገር ካዘዙት አንዱን ብቻ ይዞ ይነሣል። የጀመረውን ሒሳብ ሳይጨርስ ይተዋል። እናቱ «ከበሽታው ወዲህ ልጄ ሌላ ሆነ» ትላለች። አባቱ «ሰነፈ እንጂ ምን ሆነ» ይላል። ጎረቤት ደግሞ ሰው እንዳየው ወይም አንድ ነገር እንደተጠናወተው ይጠረጥራል። መምህሩ ሰባ ተማሪ የያዙ ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም። ልጁ በእርግጥ የሆነው ነገር አለ? ካለስ የትኛው ችሎታው ነው የተነካው? በምንስ ይታገዛል?

ይህን የሚያጣራው ሥራ የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ይባላል። ኒውሮሳይኮሎጂ አንጎልን ከሰው አስተሳሰብና ጠባይ ጋር አያይዞ የሚያጠና ሙያ ነው። ምርመራው መርፌ የለው፣ ጨረር የለው፣ ደም አይቀዳበት። መርማሪውና ተመርማሪው ጠረጴዛ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ያስታውሳል፣ ይስላል፣ ይደረድራል። ትንሽ ልጅ ጨዋታ ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ነገሩ ሲወሳሰብ ግማሽ ቀን ወይም ሌላ ቀጠሮ ይጨምራል።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ እያሉ ይህ ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። መሣሪያዎቹ የሚያሳዩት የአንጎልን አካል ነው፤ ደም ፈስሶ እንደሆነ፣ ዕጢ በቅሎ እንደሆነ ይናገራሉ። ልጁ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መያዝ ይችል እንደሆነ ግን ከፎቶው ላይ አይነበብም። ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ሥራው የተጓደለ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ከወባ፣ ከማጅራት ገትር ወይም ከጭንቅላት ምት በኋላ። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ፎቶው ላይ ጠባሳ እየታየ ሱቁን አሳምሮ የሚያስተዳድር ነጋዴ ያጋጥማል።

ስልክ ላይ ከሚዘዋወሩት የ«አይኪው» ፈተናዎች ጋር አንድ የሚያደርገውም አለ። እነዚያን ለጨዋታ ይተዋቸው። አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን ፈተና ሲያዘጋጅ እንኳ ዓላማው በትምህርት ቤት የተለየ እገዛ የሚያሻቸውን ልጆች መለየት እንጂ ሰውን በማዕረግ መደርደር አልነበረም።

የዚህን ሙያ አስተሳሰብ ለመረዳት ወደ ሩሲያዊው ሐኪም ወደ አሌክሳንደር ሉሪያ መሄድ ይጠቅማል። ሉሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ለዓመታት ተከታተለ። ያስተዋለውም ይህን ነበር፦ ሁለት ቁስለኞች «መጻፍ አቃተኝ» ሲሉ ምክንያታቸው አንድ አይደለም። አንዱ የሚመሳሰሉ ድምፆችን መለየት ተስኖት ነው። ሌላው ድምፁን በደንብ እየሰማ የእጁን እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል ማስኬድ አቅቶት ነው። ሦስተኛው የፊደሉን ቅርጽ በቦታው ማስቀመጥ ከብዶት ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ጉድለቱ አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን ለየቅል ነው። «ልጁ ትምህርት አይገባውም» የሚለው የእኛ አነጋገርም እንዲሁ ብዙ የተለያዩ ነገሮችን ባንድ ከረጢት ጠቅልሎ ያስቀምጣል። የመርማሪው ሥራ ከረጢቱን መፍታት ነው።

ምርመራው የሚጀምረው በታሪክ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። እናቲቱ ምጧ ረዝሞ ነበር? ልጁ ሲወለድ አልቅሷል? መቼ ቆመ፣ መቼ አፉን ፈታ? ወድቆ ያውቃል? የሚጥለው ነገር አለ? ስንት ቀን ራሱን ስቶ ቆየ? ከሕመሙ በፊት ክፍል ውስጥ እንዴት ነበር? ቤት ውስጥ ምን ይታዘዛል፣ ፍየል ይዞ ሲወጣ ቆጥሮ ይመልሳል? ለአዋቂ ደግሞ ሥራው፣ የተማረው መጠን፣ መጠጡ፣ እንቅልፉ፣ የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ነው፤ መድኃኒቱ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ግን አንዳንዱን ልጅ ያፈዝዛል፣ ሌላውን ያቁነጠንጣል። ይህን ሳይጠይቅ ወደ ፈተናው የገባ መርማሪ የመድኃኒቱን ሥራ የበሽታው ጉዳት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል።

ከዚያ ፈተናዎቹ ይመጣሉ። ለትኩረት ቁጥሮች አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ተመርማሪው መጀመሪያ እንደሰማው፣ ቀጥሎም ወደኋላ ገልብጦ ይደግማቸዋል። ለማስታወስ ዐሥራ አምስት የማይገናኙ ቃላት ደጋግመው ይነበቡለታል፤ በየጊዜው ስንት እንደያዘ ይመዘገባል፤ ሌላ ሥራ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሳያስበው እንደገና ይጠየቃል። ለዓይንና ለእጅ መናበብ ውስብስብ ሥዕል አይቶ ይገለብጣል፤ ቆይቶም ሥዕሉን ሳያይ ይስለዋል። ለቋንቋ የዕቃ ስም ይጠራል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቃቸውን እንስሳት ይዘረዝራል። ማቀድን፣ ራስን መግታትን፣ ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው መሻገርን የሚለኩም አሉ፤ እነዚህ ከግንባር ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል ጋር በብዙ የተሳሰሩ ናቸው። የእጅ ፍጥነትና ስሜትም ይታያል።

ከነጥቦቹ ይልቅ ትርጉም ያለው በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ነው። አንድ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቃላቱን ማስታወስ አቃተው እንበል። መርማሪው ዝርዝር ያነብለታል፤ «ይህ ነበር፣ ይህ አልነበረም» እያለ በትክክል ከለየ የሰማው ነገር ተቀምጧል፤ የከበደው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። በድባቴ በተያዘ ወይም የአንጎል ደም ሥሮቹ በተጎዱ ሰው ላይ ይህ ይዘወተራል። ሲነበብለትም መለየት ካልቻለ መጀመሪያውኑ አልተቀመጠም፤ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ አካሄዱ ወደዚህ ያደላል። ሁለቱም ሰዎች ቤታቸው ውስጥ «ይረሳል» ነው የሚባሉት።

ልጅና አዋቂ አንድ አይደሉም። አዋቂው ገንብቶ የነበረው ችሎታ ሲፈርስበት ይታያል፤ ፊት የሚችለው ይታወቃልና ማነጻጸር ይቀላል። የልጁ ችሎታ ገና በግንባታ ላይ ነው። አንጎሉ በአምስት ዓመቱ ቢጎዳ ጉድለቱ በዚያው ዓመት ላይታይ ይችላል፤ አምስተኛ ክፍል ደርሶ ረጅም ምንባብ አንብቦ ማጠቃለል፣ ሥራውን ራሱ ማቀድ ሲጠበቅበት ብቅ ይላል። ስለዚህ የልጅ ምርመራ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚዘጋ አይደለም፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይደገማል።

ወደ ወባው ልጅ እንመለስ። የእናቱ ጥርጣሬ መሠረት አለው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የያዛቸው ቀይ የደም ሴሎች በአንጎል ቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ ደሙን ያውካሉ፤ የደም ስኳር መውረድና ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ይታከልበታል። ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል ከዚህ ሕመም የዳኑ፣ ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ተመርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ከአራቱ ልጅ አንዱ ገደማ ቢያንስ በአንድ የአስተሳሰብ ዘርፍ ጉድለት ነበረበት፤ በዚያው ሰፈር ከሚኖሩ ጤነኛ ልጆች ጉድለት የታየባቸው ከመቶ 8 አይሞሉም። ከዘርፎቹ ይበልጥ የተጎዳው ትኩረት ነው። ከውጭ ሲታዩ እነዚህ ልጆች ድነዋል። ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የካምፓላ ተመራማሪዎች ጉድለቱን ያወቁት የታመሙትን ከሰፈራቸው ልጆች ጋር ስላስተያዩ ነው። የሙያው ሁሉ መሠረት ይህ ነው። «ልጁ ስምንት ቃል አስታወሰ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ በዕድሜው፣ በትምህርቱ፣ በቋንቋው የሚመስሉት ጤነኛ ልጆች ስንት ያስታውሳሉ የሚለው መታወቅ አለበት። በብዙ ፈተናዎች አማካዩ 100 ተብሎ ይወሰዳል፤ ከመቶ ሰው 68ቱ በ85 እና በ115 መካከል ይውላል። ግን የማን አማካይ? አሜሪካ ውስጥ በአሜሪካ ልጆች የተሠራውን ሰንጠረዥ አምጥቶ የጉባን ልጅ በእሱ መለካት፣ የአንዱን ገበያ ቁና ወደ ሌላው ገበያ ወስዶ «እህልህ ጎደለ» እንደማለት ነው።

ይህ ሥጋት የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በአገራችን የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ደረጎቭስኪ የተባለ ተመራማሪ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከኖሩት ከሙልድሮው ቤተሰብ ሰዎች ጋር ሆኖ በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ በሚኖሩት በሚኢኒቶች ዘንድ የተደረገ ጥናት አሳተመ። ሚኢኒቶች በዚያን ጊዜ ሥዕል የሚባል ነገር እምብዛም አያውቁም ነበር። ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ሲጨማደድ የሚያሰማውን ድምፅ አዳመጡ፣ ቆርሰውም ቀመሱት። ትኩረታቸውን የሳበው እንግዳው ዕቃ፣ ወረቀቱ፣ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን አይተው የእንስሳቱን ሥዕል በትልቁ፣ ሰዎቹ በሚያውቁት ዓይነት ጨርቅ ላይ አትመው አቀረቡ። አሁን አብዛኞቹ ለዩት፤ ጥቂት ጊዜ ቢወስድባቸውም፣ አንዳንዱም ጭራውን፣ እግሩን፣ ቀንዱን እየጠራ ደረጃ በደረጃ ቢደርስበትም። መጀመሪያ ላይ በወረቀቱ ብቻ የፈረደ ሰው «ማስተዋል የጎደላቸው» ብሎ ይጽፍ ነበር። ስንፍናው የመርማሪው በሆነ ነበር።

ዛሬ የጉባ ልጅ መጽሐፍም ስልክም ያያል፤ ያኛው ዘመን አልፏል። ነገሩ ግን በሌላ መልክ ይቀጥላል። ሮበርት ሰርፔል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የዛምቢያዋን ሉሳካና የእንግሊዟን ማንቸስተር ልጆች አንድ ዓይነት ቅርጽ አይተው እንዲሠሩ አደረገ። በእርሳስና በወረቀት የእንግሊዝ ልጆች በለጡ። በሽቦ ሲሠሩ የዛምቢያዎቹ በለጡ፤ ሉሳካ ውስጥ ልጆች በሽቦ መኪና እየሠሩ ነው የሚያድጉት። በጭቃ ሲሆን እኩል ሆኑ። ቅርጽን አይቶ መልሶ የመሥራት ችሎታ አንድ ነው ብለን የምናስበው ነገር ከዕቃው ጋር አብሮ ይለዋወጣል ማለት ነው። ጉባ የሚገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው። እርሳስ ከያዘ አንድ ዓመት ያልሞላውን ልጅ የተወሳሰበ ሥዕል እንዲገለብጥ አዝዞ «የዓይንና የእጅ ቅንጅቱ ደካማ ነው» ብሎ ከመጻፍ በፊት፣ በቀርከሃ ስንጣቂ፣ በጭቃ፣ በገበጣ ጠጠር ምን እንደሚችል ማየት ይቀድማል። አስተዋይ መርማሪ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ልዩነቱን ራሱን ይመዘግባል።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ የላይቤሪያዎቹ የክፔሌ ገበሬዎች ነው። ተመራማሪው የምግብና የመሣሪያ ዓይነቶችን ደባልቆ ሰጥቶ «የሚሄዱትን አንድ ላይ አድርጉ» አላቸው። ድንችን ከቢላዋ ጋር አደረጉ፤ ድንች የሚቆረጠው በቢላዋ ነውና። ብልህ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው አሉ። ተመራማሪው ግራ ገብቶት «እሺ፣ ሞኝ ሰው ቢሆንስ እንዴት ይደረድረው ነበር?» ሲል ጠየቀ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ለዩት፤ ፈተናው ሲፈልግ የነበረው መልስ ይኼው ነበር። ችሎታው አልጠፋባቸውም። መቼና ለምን እንደሚጠቀሙበት ነው ከፈታኙ ጋር ያልተስማሙት።

አዋቂዎችን የምንመረምርባቸው አጫጭር መጠይቆችም ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። የመርሳት በሽታን ለመጠርጠር በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው አንዱ ሞካ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ሰዓት ሳል፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር አድርገው» የሚል ነው። እኛ ዐሥራ አንድ ሰዓት ስንል የብዙዎቻችን ግድግዳ ሰዓት አጭሩ ዘንግ አምስት ላይ ነው። አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ ያደረገ አዛውንት ተሳሳተ ይባላል? እንደ እኔ ከሆነ እንዲያውም ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሠርቷል። የቀኑም ጥያቄ እንዲሁ ነው። «ዛሬ ወሩ ስንት ነው?» ሲባል የጉባ ገበሬ በእኛው ዐሥራ ሦስት ወር ይመልሳል፤ የአሶሳው በርታ ሽማግሌ የረመዳንንና የሻዕባንን አቆጣጠር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው «ገበያ ነገ ነው» ብሎ በትክክል ይነግርዎታል። ሦስቱም ጊዜያቸውን ያውቃሉ። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲወርድ የሚታዘዝ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰውም ሊወድቅ ይችላል፤ ያው ሰው ገበያ ላይ የማሽላውን ዋጋ ከነመልሱ በቃሉ ያሰላል። ለዚህ ነው ታንዛኒያ ውስጥ በሃይ ወረዳ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አዛውንቶች የሚሆን የተለየ መመዘኛ የተሠራው፤ ሥዕል ከማሳል ይልቅ የክብሪት እንጨት ያስደረድራል።

በየትኛው ቋንቋ ይመርመር የሚለውም ቀላል አይደለም። ጉሙዝኛ አፉን የፈታበት ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ የሚለካው ትኩረቱ ነው ወይስ አማርኛው? አስተርጓሚ ማስገባት ግድ ሲሆን ዘመድ ባይሆን ይመረጣል፤ እናት ልጇ ሲጨነቅ ስታይ ፍንጭ ጣል ታደርጋለች፣ ማንም እናት ታደርጋለች። አስተርጓሚው አስቀድሞ ሥራው ይነገረዋል፤ ልጁ ያለውን እንደወረደ ማምጣት፣ አለማስተካከል። ቃላቱም በርዝመትና በተዘውታሪነት ተመጣጥነው እንደ አዲስ መመረጥ አለባቸው። ዌልስ ውስጥ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የቁጥሮች መጠሪያ ረዘም ሲል ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቁጥር ያንሳል፤ የማስታወስ አቅሙ ግን ያው ነው።

አዋቂ ለምርመራ የሚላክባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ስትሮክ አንዱ ነው፤ ሰውየው እግሩ ሲድን ሁሉም ነገር የዳነ ይመስለዋል፤ በግራ በኩል ያለውን ነገር አለማስተዋሉን ቤተሰቡ የሚያውቀው ከሳህኑ ግማሹን ብቻ እየበላ ሲተው ነው። የሞተር ሳይክልና የሥራ ላይ አደጋ ሌላው ነው፤ ከጭንቅላት ምት በኋላ ጨዋ የነበረው ሰው ቁጡ ሲሆን፣ ቁም ነገረኛው ሥራ ጀምሮ ሲተው ይታያል። ቤቱ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል፤ የተጎዳው ግን ራስን የሚገታው የአንጎል ክፍል ሊሆን ይችላል። ከባድ መኪና ወደ መንዳት ይመለስ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ምርመራው ለሰውየውም ለመንገደኛውም ይጠቅማል። ለዓመታት አረቄ የጠጣና በቅጡ ያልበላ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ሲጎድለው አዲስ ነገር ማስቀመጥ ያቅተዋል፤ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሲያወራ «ዋሾ» ይባላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ የሚረዳ ሕመም ነው። የሚጥል በሽታም አለ። ቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት ከሺህ ሰው አምስቱ ይህ ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። መተከልን በመሰለ ፈጣን ወንዝ ባለበት ቆላ ደግሞ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው የወንዝ ዳር እውርነት ይገኛል፤ አፍሪካ ውስጥ ይህ ሕመም በበዛበት የሚጥል በሽታም እንደሚበዛ ታውቋል።

አንጎል ሳይነካ አስተሳሰብ የሚደክምበትም ጊዜ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መተከልን ለዓመታት ያመሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል፤ ልጆች ትምህርት አቋርጠዋል፤ የሚዘገንን ነገር ያዩም አሉ። ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው፣ ድምፅ ሲሰማ የሚበረግግ ልጅ ክፍል ውስጥ ትኩረቱ ቢበታተን አይገርምም። ፈተናው ላይ የሚያመጣው ውጤት ከወባው ልጅ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የሚለያቸው ታሪካቸው ነው።

አሁን ያለውን አቅም እንመልከት። አሶሳና ፓዌ ሆስፒታል አላቸው። ሙሉ የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ የሚያደርግ ባለሙያ ግን በመላው አገሪቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያለውም አዲስ አበባ ነው፤ ከአሶሳ እንኳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የአገሪቱን የአእምሮ ሕክምና ሸክም ለብዙ ዘመን ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች መንገዱን የከፈተችው ደግሞ ሐኪም ሳትሆን እናት ናት፤ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች፤ እስከ ዕለተ ሞቷም ደክማለች። መመዘኛን በተመለከተ ጅማ ላይ የተሠራው ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ዴንቨር የሚባለውን የልጆች ዕድገት መመዘኛ ወስደው የማይስማሙትን ጥያቄዎች ለውጠው፣ በጅማ ልጆች ላይ ሞክረው፣ የራሳቸውን አማካይ አውጥተውለታል። ማላዊዎችም ለገጠር ልጆቻቸው የራሳቸውን አዘጋጅተዋል። ስለዚህ አይቻልም የሚል ሰው ምክንያት የለውም።

እስከዚያው ጉባ ያለ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ቀላሉን ነገር ማስጣራት ነው። የልጁ ዓይንና ጆሮ ይታይ፤ «አይገባውም» ከተባሉት ልጆች ውስጥ የማይሰሙ አሉ። ደም ማነስ ይመርመር፤ በወባ አገር የተለመደ ነው። አንገቱ ላይ እንቅርት ካለ ይታይ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 40 የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው፤ የአዮዲን እጥረት የልጅን አንጎል በማሕፀን ሳለ ጀምሮ ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጥቷል፤ ጨው ሲገዙ ይህን ማየት ከየትኛውም ፈተና ይረክሳል።

ቀጥሎ፣ ለውጡን በቀን መያዝ። ልጁ ከመታመሙ በፊት ይችል የነበረውን፣ አሁን ያቃተውን፣ መቼ እንደሚብስበት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለመምህሩ ነግሮ ያስጽፍ። ድንገት የሚፈዝዝ፣ ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑ የሚተከል ልጅ ካለ የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ መሬት ላይ እንደማይጥል ይታወቅ፤ ስልክ ያለው ሰው ቢቀርጸው ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳል። መድኃኒት የተጀመረለት ልጅ ቢፈዝዝም በራስ ውሳኔ ባንድ ጊዜ አይቋረጥበት፤ አደጋ አለው። መምህር ደግሞ የምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ ብዙ ሊያደርግ ይችላል፦ ልጁን ፊት ማስቀመጥ፣ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ ሲጨርስ ሌላውን ማስከተል፣ የተነገረውን መልሶ እንዲናገር ማድረግ፣ ለፈተና ጊዜ መጨመር። ከወባ በኋላ ትኩረቱ ለደከመ ልጅ የሚመከረው በአብዛኛው ይኸው ነው።

የቀረው የተቋማት ሥራ ነው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ ጤና ቢሮና ትምህርት ቢሮ አንድ ላይ ሆነው ጥቂት አጫጭር መመዘኛዎችን መርጠው በጉሙዝኛ፣ በበርታ፣ በሺናሽኛና በአማርኛ ቢያዘጋጁ፣ በየዕድሜው ጤነኛ ልጆችንና አዋቂዎችን መርምረው አማካያቸውን ቢመዘግቡ፣ ከወባ ራሱን ስቶ የዳነ ልጅ ሁሉ ከስድስት ወር በኋላ በዚያ ቢታይ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ ነርስ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ተከታታይ መዝገብ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ ተጽፎ የመጣ ነጥብ የያዘ ወላጅ ሐኪሙን «ልጄ የተነጻጸረው ከማን ጋር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ልጁን ከትምህርት ቤት አያስወጣው።